ከፖላንድ የተሰደዱ አያቶችን በመዝገብ ስለ መፈለግ

ባገራችን ልማድ አንድ ልጅ ነፍስ ሲያውቅ የአባቱንና የእናቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ድረስ በቃሉ እንዲቈጥር ሽማግሎች ያስጠኑታል። ይኸውም በጋብቻ ጊዜ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ለመጠንቀቅ ነው፤ ከዚህም ሌላ ሰው ከማን እንደ ተወለደ ማወቁ ራሱን እንዲያከብር ያደርገዋል። እኔም ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የአባቴ አባት የሆኑት አያቴ በእርሳቸው ወገን ያሉትን ሰባቱን ስሞች አስጠንተውኛል። በእናቴ ወገን ግን ከአራተኛው ስም ላይ ስደርስ እቆም ነበር። እናቴ የተወለደችው በአሜሪካ አገር በሺካጎ ከተማ ሲሆን፣ ቤተሰቧ ለእንጀራ ፍለጋ ከፖላንድ የተሰደዱ ሰዎች ዘር ነው። አንድ ቀን አያቴ «የእናትህ ወገን ስንት ቤት ይቈጠራል?» ብለው ቢጠይቁኝ «አራት ቤት» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «እንግዲያውስ ግማሽህን አታውቀውም ማለት ነው» አሉኝ።

ይህ ቃል ከልቤ ስላልጠፋ ያለፉትን ሁለት ዓመታት የዕረፍት ጊዜዬን የእናቴን አያቶች በመዝገብ በመፈለግ አሳለፍሁ። ከመጽሔታችን አንባቢዎች መካከል ዘመዶቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ደግሞም አንድ ጽሑፍ እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ለማንኛውም ተማሪ ስለሚጠቅም፣ የሥራውን አካሄድ እንደ ዕውቀቴ መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ

የእናቴ እናት ዛሬም በሺካጎ ይኖራሉ። ስለ አባታቸው አባት ስጠይቃቸው በቤተሰቡ ውስጥ ሲነገር የኖረውን አራት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ ስማቸው አልበርት ይባላል። ሁለተኛ፣ የመጡት «ከሩስያ» ነው። ሦስተኛ፣ መንደራቸው ኖቫ ቪየሽ ትባላለች። አራተኛ፣ የቀድሞ ስማቸውን ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያሉት ሹሞች ለውጠውባቸዋል።

ከዚህ ሌላ አምስተኛ ነገር ነበረ፤ እርሱን ግን የነገሩኝ ቈይተው ነው። ከቤተሰቡ ሽማግሎች አንዳንዶቹ «እናቱን ብቻዋን ጥሎ የመጣ፣ አንድ ደብዳቤ እንኳ ያልላከላት ሰው ነው» እያሉ ያሟቸው ነበር። ሽማግሌው የሞቱት በ1954 ሲሆን በዚያን ጊዜ ሴት አያቴ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ፖላንዳውያን በገና ዋዜማ ማታ ለእራት ሲቀመጡ ሳይታሰብ ለሚመጣ እንግዳ አንድ ባዶ ሳሕን በገበታው ላይ የማኖር ልማድ አላቸው። አያትየው ያንን ባዶ ሳሕን እያዩ ያለቅሱ እንደ ነበር ሴት አያቴ ያስታውሳሉ። «እኛ ልጆቹ ጸጸት ነው የሚያስለቅሰው እንል ነበር፤ ይህንንም በማሰቤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፣ እውነት መሆኑንም ሐሰት መሆኑንም አላውቅ» አሉኝ። እንግዲህ ፍለጋዬ ስም ለመቍጠር ብቻ መሆኑ ቀረና ይህንን ነገር ለማጣራት ሆነ።

የፖላንድ ታሪክና የመዝገቦቹ ቋንቋ

የፖላንድን መዝገብ ለመፈለግ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የአገሩን ታሪክ ማወቅ አለበት። የፖላንድን መንግሥት ጎረቤቶቹ ሩስያ፣ ፕሩስያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ሦስት ጊዜ ተከፋፈሉት። ከዚያም ወዲያ እስከ 1918 ድረስ ለ123 ዓመታት ፖላንድ የሚባል ነጻ መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም። እጅግ ብዙው ሕዝብ ወደ አሜሪካ የተሰደደውም በዚሁ ዘመን መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከዋርሶ አካባቢ የመጣ ሰው በአሜሪካ መዝገብ «ሩስያ»፣ ከክራኮቭ የመጣው «ኦስትሪያ»፣ ከፖዝናን የመጣው «ጀርመን» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ሦስቱም ግን ፖላንዳውያን ናቸው። የሴት አያቴ ቤተሰብ «ከሩስያ» ይሉት የነበረው ነገር በዚህ ተፈታልኝ።

መዝገቡ የሚጻፍበት ቋንቋም እንደ ገዢው ይለያያል። በኦስትሪያ ክፍል ከ1784 ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ በላቲን ቋንቋ በሠንጠረዥ ተሠርቶ ለየመንደሩ ተለይቶ ይጻፍ ነበር፤ የቤቱ ቍጥርም አብሮ ይገኝበታል። በፕሩስያ ክፍል የመንግሥት ሹሞች ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በጀርመንኛ መመዝገብ የጀመሩት በጥቅምት ወር 1874 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ነው። በሩስያ ሥር በነበረው የፖላንድ ግዛት ደግሞ ናፖሊዮን ያወጣው ሕግ በ1808 ስለ ገባ መዝገቡ እንደ ሠንጠረዥ ሳይሆን እንደ ታሪክ በተከታታይ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ ነበር። ከ1826 ወዲህ ካቶሊኮቹ፣ ሉተራኖቹና አይሁዶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዝገብ ስለ ተደረገላቸው ፈላጊው የአያቱን ሃይማኖት ማወቅ ይኖርበታል። ቋንቋውም እስከ 1868 ድረስ ፖሎንኛ ነበር። በ1863 ፖላንዳውያን በሩስያ ላይ ተነሥተው ድል ከሆኑ በኋላ ግን ከ1868 ጀምሮ በሩስያ ቋንቋ እንዲጻፍ ታዘዘ።

ከቤት ስለ መጀመር

የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው እንጂ ከማይታወቀው ወደሚታወቀው አይኬድም። ብዙ ሰዎች የፖላንድን መዝገብ ወዲያው ለማገላበጥ ይቸኵላሉ፤ ነገር ግን የመንደሩንና የሰውየውን ትክክለኛ ስም ሳያውቁ መፈለግ በጨለማ መርፌ እንደ መፈለግ ነው። አስቀድሞ መታየት የሚገባው በቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ነው፤ የጸሎት መጽሐፍ፣ በጀርባው የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ የቀብር ካርድ፣ የመቃብር ድንጋይ ጽሕፈት፣ የድሮ ደብዳቤ ፖስታ ጭምር። ፖላንዳውያን በአሜሪካ የእርስ በርስ መረዳጃ ማኅበራት ነበሯቸው። ከእነዚህም በ1873 የተቋቋመው የፖላንድ የሮማ ካቶሊክ ኅብረትና በ1880 የተቋቋመው የፖላንድ ብሔራዊ ማኅበር ይገኙባቸዋል። አባሎቻቸው የሕይወት ኢንሹራንስ ይገቡ ስለ ነበር የአባልነት ወረቀቱ የትውልድ ቀንና የወራሽ ስም ይይዛል።

ሴት አያቴ በጫማ ካርቶን ውስጥ የነበሩትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ፎቶግራፍ አንሥተው ላኩልኝ። ከመካከላቸው አንዱ የአሜሪካ ዜግነት የምስክር ወረቀት ነበረ።

በአሜሪካ ስለሚገኙ መዛግብት

በአሜሪካ በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቈጠራ ይደረጋል። የየሰዉ ስም የተጻፈበት የቈጠራ መዝገብ ለሕዝብ የሚገለጠው 72 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፤ የ1950 ቈጠራ የተገለጠው በ2022 ነበር። የ1890 ቈጠራ በ1921 በተነሣ እሳት ምክንያት ከጥቂቱ በቀር ጠፍቷል። የ1900፣ የ1910 እና የ1920 ቈጠራዎች ግን ስደተኛው ወደ አሜሪካ የገባበትን ዓመት ስለሚጠይቁ ለእንዲህ ያለው ሥራ እጅግ ጠቃሚ ናቸው። በ1910 ቈጠራ አያትየውን ያገኘኋቸው የራሳቸው ቤት ሳይኖራቸው ከሌሎች አምስት ጐልማሶች ጋር በአንድ ፖላንዳዊ ቤተሰብ ዘንድ ተከራይተው ሲኖሩ ነው። የገቡበት ዓመት 1909 ተብሎ ተጽፏል።

ሁለተኛው የዜግነት ማመልከቻ ነው። ከ1906 በፊት ዜግነት በየፍርድ ቤቱ በተለያየ ፎርም ይሰጥ ስለ ነበር ጽሑፉ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። በ1906 የወጣው ሕግ ፎርሙን አንድ ዓይነት ስላደረገው ከዚያ ወዲህ ያለው ማመልከቻ የተወለዱበትን ስፍራ፣ የመጡበትን መርከብና የደረሱበትን ቀን ይናገራል። በቤት የሚቀመጠው የምስክር ወረቀት ይህን ሁሉ ስለማይዝ ፈላጊው ማመልከቻውን ከፍርድ ቤቱ ወይም ከመንግሥቱ ቤተ መዛግብት ማስመጣት አለበት። ሦስተኛው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1917 እና በ1918 የተጻፈው የወታደር ምዝገባ ካርድ ነው፤ 24 ሚሊዮን ያህል ወንዶች ተመዝግበውበታል፣ ዜግነት ያላገኙ ስደተኞችም ጭምር።

አራተኛው የደብሩ መዝገብ ነው። ፖላንዳውያን በሰፈሩበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይሠሩ ነበር። በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነችው የፖላንዳውያን ሠፈር በ1854 በቴክሳስ የተቈረቈረችው ፓና ማሪያ ስትሆን፣ በሺካጎ የመጀመሪያው ደብራቸው የቅዱስ ስታኒስላዎስ ኮስትካ ቤተ ክርስቲያን በ1867 ተመሠረተ። ካህናቱ የራሳቸው አገር ልጆች ስለ ነበሩ የመንደርን ስም ሳያበላሹ ይጽፉ ነበር። የአሜሪካ ጸሐፊ «ሩስያ» ብሎ የሚያልፈውን የፖላንዱ ቄስ መንደሩንና ደብሩን ለይቶ ይጽፈዋል።

ስለ ስም አለመለወጥና ስለ መለወጥ

ኤሊስ የምትባለው የኒው ዮርክ ደሴት ስደተኞችን መቀበል የጀመረችው በጥር ወር 1892 ሲሆን እስከ 1954 ድረስ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አልፈውባታል። በብዙ ቤተሰብ «ስማችንን በኤሊስ ደሴት ለወጡብን» የሚል ታሪክ ይነገራል። ነገሩን ስመረምር ግን እንዲህ እንዳልነበረ ተረዳሁ። የመርከቡን መንገደኞች ዝርዝር የሚጽፉት መርከቡ በተነሣበት ወደብ ያሉት የኩባንያው ጸሐፊዎች ናቸው። በደሴቲቱ ያሉት ሹሞች ያንኑ ዝርዝር ይዘው ይጠይቁ ነበር እንጂ አዲስ ስም አይጽፉም፤ አስተርጓሚዎችም ነበሯቸው። ስም የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። በፋብሪካ አለቃው እንዲመቸው፣ በትምህርት ቤት አስተማሪው እንዲመቸው፣ ብዙውን ጊዜም ስደተኛው ራሱ ከሰው መለየትን ስለማይወድ ይለውጠዋል። ስታኒስዋቭ የነበረው ስታንሊ፣ ቼስዋቭ የነበረው ቼስተር፣ ያድቪጋ የነበረችው ሄድዊግ ይባሉ ነበር።

እኔም በዚህ ምክንያት ሁለት ወር ደከምሁ። ማመልከቻው የመርከቡን ስም፣ የተነሣበትን የብሬመን ወደብና የደረሰበትን የግንቦት ወር 1909 ስለ ነገረኝ ዝርዝሩን አግኝቼ አልበርት የሚባል ሰው ብፈልግ አንድም አላገኘሁ። መፍትሔው የመጣው ከሺካጎው ደብር የጋብቻ መዝገብ ነው። በ1912 የተጻፈው ይህ መዝገብ በላቲን ስለ ሆነ የሙሽራው ስም «አዳልቤርቱስ» ይላል። ይህንን የላቲን ስም በመጽሐፍ ብመለከተው በፖሎንኛ ቮይቼክ የሚባለው ስም ሆኖ አገኘሁት። ቮይቼክ ለሚለው ስም በእንግሊዝኛ ተስማሚ ስለሌለው በአሜሪካ አልበርት ወይም ጆርጅ ይሉታል። አንድ ሰው በአገሩ ቮይቼክ፣ በቄሱ መጽሐፍ አዳልቤርቱስ፣ በፋብሪካ አልበርት ሆኖ ሦስት ስም ይዞ ይኖር ነበር ማለት ነው።

የቤተሰብ ስምም ቢሆን አጻጻፉ ይለያያል። እኛ «ሽ» ብለን በአንድ ፊደል የምንጽፈውን ድምፅ ፖላንዳውያን በሁለት ፊደል፣ ጀርመኖች ደግሞ በሦስት ፊደል ይጽፉታል። የብሬመን ጸሐፊ ጀርመን ስለ ነበረ የሰማውን በራሱ ልማድ ጻፈ። ከዚህም በላይ ኮቫልስኪ የተባለ ሰው ሚስቱ ኮቫልስካ ትባላለችና ፈላጊው ይህንን ሳያውቅ ባልና ሚስቱን እንደ ሁለት የተለያየ ዘር እንዳይቈጥራቸው መጠንቀቅ አለበት።

የመርከቡ ዝርዝር የተናገረው

የመርከብ ዝርዝር ከ1907 ወዲህ ባለ ሁለት ገጽ ሆኗል። ብዙ ሰዎች ግራውን ገጽ ብቻ አይተው ይተዉታል፤ ትልቁ ነገር ግን ከሁለቱም ገጽ የሚገኝ ነው። በላዩም ዕድሜ፣ ሥራ፣ ማንበብና መጻፍ መቻል፣ በአገሩ የቀረው የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ፣ በኪሱ ያለው ገንዘብ፣ የሚሄድበት ሰው፣ ቁመቱ፣ የጠጕሩና የዓይኑ መልክ፣ የተወለደበት ስፍራ ይጻፋል። ቮይቼክም እንዲህ ተጽፈው አገኘኋቸው፦ ዕድሜ 23፣ የቀን ሠራተኛ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ በኪሳቸው 12 ዶላር፣ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ የሚሄዱበት የአጎታቸው ልጅ ዘንድ በሺካጎ። በአገር የቀረ የቅርብ ዘመድ በሚለው ዓምድ «አባት» የሚል ተጽፏል፤ መንደሩ ኖቫ ቪየሽ፣ አውራጃው ኦስትሮዌንካ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር አሰብሁ። አንደኛው ስለ መንደሩ ነው። ኖቫ ቪየሽ ማለት «አዲስ መንደር» ማለት ስለ ሆነ ስሟ በፖላንድ እጅግ ብዙ ነው፤ አውራጃው ባይጻፍ ኖሮ የትኛዋ እንደ ሆነች ለማወቅ ባልተቻለ ነበር። ከ1880 እስከ 1902 ታትሞ የወጣ ስለ ፖላንድና ስለ ጎረቤት አገሮች መንደሮች የሚናገር ትልቅ የጂኦግራፊ መዝገበ ቃላት አለ፤ አንዱ መንደር በየትኛው ደብር ሥር እንደ ነበረ የሚገኘው ከእርሱ ነው። ሁለተኛው አሳቤ ግን «እናት» የሚል ቃል አለመጻፉ ነበር። አባት በሕይወት ካሉ የአባት ስም መጻፉ የተለመደ ነውና ከዚህ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ አይገባም ብዬ ዝም አልሁ።

በፖላንድ ስለሚገኙ መዛግብት

በፖላንድ ሕግ የልደት መዝገብ 100 ዓመት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ 80 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይተላለፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ይልቁንም ዋርሶ በ1944 በተቃጠለች ጊዜ፣ ብዙ መዝገብ ጠፍቷል። ነገር ግን በሩስያ ክፍል መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በደብሩ፣ ሁለተኛው በመንግሥት እጅ ይቀመጥ ስለ ነበር አንዱ ቢቃጠል ሌላው የተረፈበት ቦታ ብዙ ነው። ዛሬ ቤተ መዛግብቱ የብዙዎቹን መዝገቦች ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ላይ ስላኖሩት ተማሪ በአዲስ አበባ ተቀምጦ የኦስትሮዌንካን አውራጃ መጽሐፍ ሊገልጥ ይችላል።

ችግሩ ግን ማንበቡ ነው። ከ1868 ወዲህ ያለው በሩስያ የእጅ ጽሕፈት ስለ ተጻፈ እኔ አንዲት መስመር እንኳ ማንበብ አልቻልሁም። በመጨረሻ በ1980ዎቹ በሌኒንግራድ ምሕንድስና የተማሩ ጎረቤታችን እንዳሉ ትዝ አለኝና ወረቀቱን ይዤ ሄድሁ። «ጋሼ፣ ይህን ያነቡልኛል?» ብዬ ብጠይቃቸው መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱና «ቋንቋው ሩስኛ ነው፤ ግን እኔ የማላውቃቸው ፊደሎች አሉበት» አሉ። ነገሩ የሩስያ ፊደል በ1918 ሲሻሻል የተሰረዙ ሆሄያት በመኖራቸው ነው። እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ሳለ ለይተን እንደምንጽፍ እነርሱም እንዲህ ያሉ ፊደሎች ነበሯቸው። ጋሼ ይህንን ከተረዱ በኋላ ሥራውን ወደዱት፤ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ አብረን እናነብ ጀመር።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ቀኑ ነው። የሩስያ መንግሥት በዚያን ዘመን የቀድሞውን የዩልዮስን አቈጣጠር ስለሚከተል በመዝገቡ ላይ ሁለት ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ ነበር። ልዩነቱ በ19ኛው መቶ ዓመት 12 ቀን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት 13 ቀን ነው። ይህ ነገር ለሌላው ሰው ግራ ቢያጋባው ለኢትዮጵያዊ አያስቸግርም፤ እኛም ገናን ከምዕራባውያን 13 ቀን ዘግይተን የምናከብር ነንና።

ስለ ሠራሁት ስሕተት

አንባቢ ከእኔ ስሕተት እንዲማር የሚከተለውን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። በ1886 የልደት መዝገብ ውስጥ በዚያችው መንደር የተወለደ፣ ስሙም የቤተሰቡም ስም አንድ የሆነ ሕፃን ባገኘሁ ጊዜ በደስታ ለሴት አያቴ ስልክ ደውዬ የወላጆቹን ስም ነገርኋቸው። እርሳቸውም በቤተሰቡ መጽሐፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ከአንድ ወር በኋላ ግን ጋሼ የሞት መዝገቡን ሲያነቡ ያ ሕፃን በሁለት ዓመቱ ሞቶ አገኙት። በአንዲት መንደር ውስጥ አንድ ስም ያላቸው የአጎት ልጆች መኖራቸው የተለመደ ነው። ጋሼም «ስም ምስክር አይሆንም፤ ስም ስም ነው» አሉኝ። እኔም ስልክ ደውዬ ስሕተቴን ለመናገር ተገደድሁ፤ ሴት አያቴ ምንም ባይቈጡኝ የተጻፈውን ሲሰርዙት የእስክሪብቶው ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ይኸውም ቢያንስ ሦስት ነገር፣ ማለት የአባት ስም፣ ዕድሜና መንደር፣ ካልተስማማ በስተቀር አልቀበልም፤ የልደት መዝገብ ባገኘሁ ቍጥር ሕፃኑ በልጅነቱ አለመሞቱን ከሞት መዝገቡ አረጋግጣለሁ። የሺካጎው የጋብቻ መዝገብ የሙሽራውን የአባትና የእናት ስም ይዞ ስለ ነበር በዚህ ሕግ መሠረት ትክክለኛውን ልደት ከሦስት ገጽ በኋላ አገኘሁት።

ከሞት መዝገቡ የተገኘው

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጋሼ የ1908 የሞት መዝገብ ሲያነቡ ድንገት ዝም አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው ተረጐሙልኝ። ቃሉም በአጭሩ እንዲህ የሚል ነበር። በ1908 በፌብሩዋሪ ወር በ4ኛው (በ17ኛው) ቀን፣ ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ፣ ቮይቼክ የተባለ የ22 ዓመት የእርሻ ሠራተኛና አንድ የ50 ዓመት ገበሬ፣ ሁለቱም የኖቫ ቪየሽ ነዋሪዎች፣ ከቄሱ ፊት ቀረቡ። በትናንትናው ቀን ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት አንዲት የ47 ዓመት ሴት ባሏን ትታ መሞቷን ነገሩ። ይህ ጽሑፍ ለምስክሮቹ ተነበበላቸው፤ እነርሱ ጽሕፈት ስለማያውቁ የፈረምነው እኛ ብቻ ነን።

ሴቲቱ የቮይቼክ እናት ናቸው። ከባላቸውና ከወላጆቻቸው ስም ጋር ብናስተያየው ሁሉም ተስማማ። ልጃቸው ወደ አሜሪካ የተሻገሩት በግንቦት 1909 ስለ ሆነ እናትየው የሞቱት ልጃቸው ከመሄዳቸው 15 ወር ቀድሞ ነው። እንግዲህ ጥለዋት ሄዱ የተባለችው እናት በመቃብር ነበረች፤ ያስመዘገቧትም ራሳቸው ናቸው። ደብዳቤ አልጻፉም መባሉም ቢሆን፣ በዚያን ጊዜ መጻፍ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «የ22 ዓመት ልጅ እናቱን ቀብሮ፣ የራሱን ስም እንኳ መፈረም አቅቶት ከቄስ ፊት ቆመ» አሉና ሌላ አልጨመሩም።

ከ16 ዓመት በኋላ በ1924 ባቀረቡት የዜግነት ማመልከቻ ላይ ግን ፊርማቸው አለ። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንቀጠቀጡ ናቸው፤ ነገር ግን በገዛ እጃቸው የተጻፉ ናቸው።

ይህንን ሁሉ ለሴት አያቴ በስልክ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቈይተው «እንግዲህ ለጸጸት አልነበረም የሚያለቅሰው፤ ሳሕኑን ያኖረው ለእርሷ ነበር» አሉኝ። ይህን መዝገብ አይናገርም፤ የልብ ነገር በመዝገብ አይጻፍምና። መዝገቡ የሚናገረው ሐሜቱ እውነት አለመሆኑን ነው፤ ይህም በቂ ነው። ሴት አያቴ የመዝገቡን ፎቶግራፍ አሳትመው ለቤተሰቡ ሁሉ በፖስታ ላኩ፤ ባለፈው ገና ዋዜማም ከባዶው ሳሕን አጠገብ አኑረውት ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው ሦስት ነገር እንማራለን ብዬ አስባለሁ። አንደኛ፣ በአፍ የሚነገር ታሪክ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ «ኖቫ ቪየሽ» የሚለውን ስም ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቆ ያቈየው አፍ ነው። ሁለተኛ፣ በአፍ የሚነገር ሁሉ እውነትም አይደለምና በጽሑፍ መመርመር ይገባዋል፤ ይልቁንም የሰውን ስም የሚያጠፋ ነገር ሳይመረመር መወራት የለበትም። ሦስተኛ፣ ጽሕፈት የማያውቅን ድኻ ገበሬ ከመረሳት ያዳነው አንድ የገጠር ቄስ በትጋት የጻፈው ሰባት መስመር ነው።

በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በ2016 ስለ ሆነ የአብዛኞቻችን አያቶች መዝገብ ያለው በሽማግሎች ቃል ውስጥ ነው። የፖላንዱ መዝገብ ቢቃጠል ሁለተኛ ቅጂ ነበረው፤ የሽማግሌ ቃል ግን ሁለተኛ ቅጂ የለውም። ስለዚህ ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም በደብተር ጻፉ። ስትጽፉም «ከጎጃም መጣ» ወይም «ከወሎ መጣች» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ የመንደሩንና የደብሩን ስም ጨምሩ። ያለዚህ የተጻፈ ነገር «ሩስያ» ብሎ እንዳለፈው ጸሐፊ ሥራ ነውና።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት የአባቴን አባት ለመጠየቅ ወደ ገጠር ሄጄ ነበር። «አሁንስ የእናትህ ወገን ስንት ደረሰ?» አሉኝ። ስድስቱን ስሞች በተራ ቈጠርሁላቸው። እርሳቸውም ቮይቼክ የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ እየደገሙ ካጠኑት በኋላ «ሰባተኛውስ?» አሉኝ። ሰባተኛው ከ1868 በፊት ባለው በፖሎንኛ በተጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለሚሆን ቋንቋውን መማር ጀምሬአለሁ።